«ጆንግ» የተባለው የቻይና ፊደል፦ ትርጕሙና በንግድ ሥራ ያለው አገባብ

በደባርቅም ሆነ በዳባት ከተማ ወደ አንድ ሱቅ ገብቶ መደርደሪያውን የተመለከተ ሰው፥ ከቻይና አገር የመጣ ብዙ ሸቀጥ ያገኛል። የስሜንን ብርድ የሚመክቱት ብርድ ልብስና ሹራብ፥ የእጅ ባትሪው፥ ፔርሙዙ፥ የፕላስቲክ ሳፋውና ጫማው በካርቶን ታሽገው ከጅቡቲ ወደብ ይነሣሉ፤ አዲስ አበባንና ጎንደርንም አልፈው እዚህ ይደርሳሉ። በካርቶኑ ላይ ግን አብዛኛው ነጋዴ ሊያነበው የማይችለው ጽሕፈት አለበት። ገንዘቡን ያፈሰሰበትን ዕቃ መጠንና ዓይነት የሚናገረው ጽሕፈት ለነጋዴው የተዘጋ ሲሆን፥ ሌላ ሰው የነገረውን አምኖ ከመቀበል በቀር ምርጫ የለውም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ያገራችን ተረት ለእንዲህ ያለው ነገር የተነገረ ይመስላል።

ንግዱም ከቀን ወደ ቀን እየሰፋ የሚሄድ ነው። ኢትዮጵያና የቻይና ሕዝባዊት ሪፑብሊክ የዲፕሎማሲ ግንኙነት የመሠረቱት ኅዳር 15 ቀን 1963 ዓ.ም. ነበር። በ1964 ዓ.ም. መግቢያም ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ቤጂንግ ሄደው ከሊቀ መንበር ማኦ ጋር ተገናኝተዋል። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው፥ በመስከረም ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር የተሠራው በቻይና ኩባንያዎች ነው። ከኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቻይና የዲፕሎማሲ ግንኙነት ካላቸው እጅግ ያላደጉ አገሮች፥ ከኢትዮጵያም ጭምር፥ ለሚገቡላት ዕቃዎች ቀረጡን ዜሮ አድርጋለች፤ ኮታ በተወሰነላቸው ዕቃዎችም ይኸው በኮታው ልክ ይሠራል። ስለዚህ የቻይና ጽሕፈት ከአስመጪውና ከባለሱቁ አልፎ የሰሊጥና የጥራጥሬ ላኪውንም ጉዳይ የሚነካ ሆኗል።

ይህ ትምህርት የቻይናን ቋንቋ አስተምሮ ለመጨረስ አልታሰበም። የኛ ፊደል ድምፅን ብቻ የሚያመለክት ሲሆን፥ የቻይና ፊደል ግን ድምፅንና ትርጕምን አንድ ላይ የያዘ ነው። ስለዚህ ጋዜጣ ያለ ችግር ለማንበብ ከ2,000 እስከ 3,000 የሚደርሱ ፊደላትን ማወቅ ያስፈልጋል። ነገር ግን አንድን ፊደል መልኩን፥ ትርጕሙንና አገባቡን አጥርቶ ማወቅ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ለዚህም በካርቶን፥ በውልና በሱቅ በር ላይ አዘውትሮ የሚታየውን «ጆንግ» የተባለውን ፊደል መርጠናል። ዋናው ትርጕሙ «መካከል» ማለት ነው።

የፊደሉ መልክ

አንባቢው ከፊደላችን «ቀ» የሚለውን ያስታውስ። «ቀ» ክብ ራስ አለው፤ ቁም ሠረዝም በመካከሉ ያልፋል። ክቡን ራስ ወደ ጎን ሰፋ ያለ አራት ማዕዘን ሳጥን አድርጉት። ቁሙን ሠረዝ ደግሞ ሳጥኑን በትክክል ለሁለት ከፍሎ ከላይ ብቅ እንዲል፥ ከታችም ረዘም ብሎ እንዲወጣ አድርጉት። «ጆንግ» ይህ ነው።

ሲጻፍ አራት ጭረት ብቻ አለው። መጀመሪያ የሳጥኑ የግራ ጎን ከላይ ወደ ታች ይሰመራል። ሁለተኛ ላይኛውና የቀኙ ጎን እጅ ሳይነሣ በአንድነት ይሰመራሉ። ሦስተኛ ታችኛው ጎን ሳጥኑን ይዘጋል። በመጨረሻም ቁሙ ሠረዝ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። አንባቢው በእርሳስ ሃያ ጊዜ ቢጽፈው፥ ዓይኑ ከዚያ በኋላ በማናቸውም ካርቶን ላይ ይለየዋል።

ፊደሉ እጅግ ጥንታዊ ነው። ከ3,000 ዓመታት በፊት በሻንግ ነገሥታት ዘመን በኤሊ ቅርፊትና በከብት አጥንት ላይ በተቀረጸው ጽሕፈት ውስጥ ሰንደቅ የተሰቀለበት ምሰሶ መስሎ ይታያል፤ በምሰሶውም ወገብ ላይ ክብ ወይም ሳጥን አለ። ብዙ ሊቃውንት በሜዳ መካከል የተተከለ ሰንደቅ ምስል ነው ይላሉ። በዘመን ብዛት የሰንደቁ ጨርቅ ቀርቶ ምሰሶውና ሳጥኑ ብቻ ቀሩ።

አነባበቡ

የቻይና ቋንቋ አንዱን ቃል ከሌላው የሚለየው በዜማም ጭምር ነው። ይህ ፊደል ድምፁ ከፍ ብሎ በአንድ ልክ ሲነበብ «መካከል» ማለት ነው። ድምፁ ከላይ ወደ ታች ወርዶ ሲነበብ ግን «መምታት፥ ማግኘት፥ መመታት» ማለት ይሆናል። ጽሕፈቱ በሁለቱም ጊዜ ያው አንድ ነው።

ይህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እኛም «ገና» ብለን ስንጽፍ ጠብቆ ከተነበበ የልደት በዓል፥ ላልቶ ከተነበበ ደግሞ «ጊዜው አልደረሰም» ማለት ነው። «አለ» የሚለውም ቃል ሲላላ «ተናገረ»፥ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው። አንባቢ የሚለየው በአጠገቡ ካሉት ቃላት ነው። «ጆንግ»ንም የምንለየው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ የዚህ ትምህርት ዋና ደንብ፦ ፊደሉን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ ጎረቤቱን ተመልከቱ የሚል ነው።

1ኛ፤ የአገር ስም ሲሆን

ከ«ጆንግ» ቀጥሎ በአራት ማዕዘን የታጠረ ፊደል ቢኖር፥ በአጥሩም ውስጥ ሦስት አግድም ሠረዞች በአንድ ቁም ሠረዝ ተሰክተው በቀኝ በኩል አንድ ነጥብ ቢታይ፥ ይህ «ጉዎ» ነው፤ ትርጕሙም «አገር» ማለት ነው። ሁለቱ በአንድነት «ጆንግ ጉዎ» ይባላሉ፤ «የመካከል አገር» ማለት ነው። ቻይናዎች አገራቸውን የሚጠሩት በዚህ ስም ነው።

ስሙ በጽሑፍ የተገኘበት ከሁሉ የቀደመው ማስረጃ «ሄ ዙን» የተባለው የነሐስ ዕቃ ነው። ዕቃው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1963 በሻንሺ ክፍለ ሀገር በባውጂ ከተማ ተገኘ። ዕድሜው 3,000 ዓመት ያህል ሲሆን 122 ፊደላት ተቀርጸውበታል። በዚያ ዘመን ግን ቃሉ መላውን ግዛት ሳይሆን በዛሬዋ ሉዎያንግ አካባቢ ያለውን የመካከል ምድር ያመለክት ነበር።

በሸቀጥ ላይ ከነዚህ ሁለት ፊደላት በኋላ «ጂ ዛው» የሚባሉ ሌሎች ሁለት ፊደላት ሲከተሉ፥ አራቱ በአንድነት «በቻይና የተሠራ» ማለት ናቸው። «ጆንግ» ብቻውን ሲታይ ግን የዕቃውን አገር አያረጋግጥም። ጃፓኖችም በዚሁ ፊደል ይጽፋሉና፤ እንዲያውም በጃፓን ምዕራብ «ቹጎኩ» የተባለው ክፍል የሚጻፈው በእነዚሁ ሁለት ፊደላት ነው። በታላላቅ ኩባንያዎች አኅጽሮተ ስም መጀመሪያ ላይ ሲገባ ደግሞ ብዙ ጊዜ «የቻይና» ለማለት ነው።

2ኛ፤ መጠንን ሲገልጥ

እኛ ከ«መካከል» «መካከለኛ»ን እንዳወጣን ሁሉ እነርሱም በዚሁ ፊደል መካከለኛን መጠን ይገልጡበታል። ሁለት ጓደኞች አሉት። አንደኛው «ዳ» ነው፤ እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ እግሮቹን ያንፈራጠጠ ሰው ይመስላል፤ ትርጕሙም «ትልቅ» ነው። ሁለተኛው «ሺያው» ነው፤ ከታች ወደ ግራ የተቀለበሰ አንድ ቁም ሠረዝ ሲሆን በግራና በቀኙ አንዳንድ አጭር ጭረት አለው፤ ትርጕሙም «ትንሽ» ነው። ከነዚህም ኋላ ብዙ ጊዜ «ሃው» የሚል ፊደል ይጨመራል፤ ከላይ ትንሽ ሳጥን፥ ከታች አግድም ሠረዝና እንደ 5 ቍጥር ጅራት የተጠማዘዘ ጭረት ያለው ነው። «ልክ፥ ቍጥር» ማለት ነው። እንግዲህ «ዳ ሃው» ትልቅ ልክ፥ «ጆንግ ሃው» መካከለኛ ልክ፥ «ሺያው ሃው» ትንሽ ልክ ማለት ናቸው።

ለምሳሌ አንድ የደባርቅ ነጋዴ ለውርጩ ወራት፥ ከኅዳር እስከ ጥር ለሚሸጠው፥ እያንዳንዳቸው 50 ሹራብ የያዙ 6 ካርቶኖች ገዛ እንበል። ከሦስቱ ልክ ሁለት ሁለት ካርቶን ነበር የተስማማው። በስድስቱም ካርቶን ላይ «ጆንግ» ተጽፎ ቢያይ፥ «ይህ የቻይና ምልክት ነው» ብሎ ተቀብሎ ይጭናል። ሱቁ ደርሶ ሲፈታው 300ውም ሹራብ መካከለኛ ልክ ይሆንበታል። ጠና ያለው ገበሬ ለክቶ ትቶት ይሄዳል፤ ለልጅ የሚገዛውም እንዲሁ። ውርጩ ሲያልፍ ገንዘቡ በመደርደሪያው ላይ ታስሮ ይቀራል። ይህ ሁሉ የሚቀረው፥ ከመጫኑ በፊት ካርቶኖቹን ዞሮ «ትልቁ ሰው» እና «ትንሹ» ፊደል መኖራቸውን በማየት ብቻ ነበር። የአገር ስም ከሆነ «ጉዎ» ይከተለዋል፤ ብቻውን ወይም ከ«ሃው» ጋር ከሆነ ልክ ነው። የልብስ ልክ ከአገር አገር ስለሚለያይም፥ አንዱን አውጥቶ በሜትር መለካት ይበጃል።

3ኛ፤ ቋንቋንና ውልን ሲመለከት

ይህ ክፍል በተለይ ላኪዎችን ይመለከታል። ከ«ጆንግ» ቀጥሎ፥ ከላይ አንድ ነጥብ፥ ከነጥቡ ሥር አግድም ሠረዝ፥ ከሠረዙም ሥር ሁለት የተጠላለፉ ዘመም ጭረቶች ያሉት ፊደል ሲመጣ «ጆንግ ወን» ይባላል። «የቻይና ቋንቋ፥ የቻይና ጽሑፍ» ማለት ነው።

ሰሊጥ ወይም ጥራጥሬ ለቻይና ገዢ የሚሸጥ ነጋዴ አንዳንድ ጊዜ በሁለት ቋንቋ፥ በእንግሊዝኛና በቻይንኛ፥ የተጻፈ ውል ይቀርብለታል። በእንዲህ ያሉ ውሎች መጨረሻ፥ በሁለቱ ጽሑፎች መካከል ልዩነት ቢገኝ የትኛው እንደሚጸና የሚወስን አንቀጽ መግባቱ የተለመደ ነው። በቻይንኛው የመጨረሻ አንቀጽ ውስጥ «ጆንግ ወን» የሚሉት ሁለት ፊደላት ከታዩ፥ «የሚጸናው የቻይንኛው ነው» የሚል ቃል ሊሆን ስለሚችል፥ ነጋዴው ከመፈረሙ በፊት በራሱ አስተርጓሚ ያስነብበው። እንግሊዝኛው ስለ ጥራቱ፥ ስለ እርጥበቱ ወይም ስለ ክፍያው ጊዜ የሚለው መልካም ቢሆንም፥ የሚጸናው ሌላው ከሆነ ክርክር በተነሣ ጊዜ አይረዳውም።

4ኛ፤ በመካሄድ ላይ ያለን ሥራ ሲያመለክት

«ጆንግ» ከግሥ በኋላ፥ በቃሉ ጅራት ላይ ሲገባ፥ እኛ «በ... ላይ» የምንለውን ይተካል። በቻይና ከተሞች በሱቅ በር ላይ «ዪንግ የ ጆንግ» የሚል ሰሌዳ ይሰቀላል፤ «በሥራ ላይ ነን፥ ሱቁ ክፍት ነው» ማለት ነው። ዕቃ አስመጪውም በስልኩ የዕቃውን ጕዞ ሲከታተል «ዩን ሹ ጆንግ» የሚል ቃል ያያል፤ «በመጓጓዝ ላይ ነው» ማለት ነው። ይህ ቃል እስካለ ድረስ ዕቃው ገና አልደረሰምና፥ «ደርሷል፥ ቀሪውን ክፈል» የሚለውን መልእክት ሁሉ በጥንቃቄ መመርመር ይገባል።

5ኛ፤ በጃፓን ያገለገለን ዕቃ ሲያመለክት

ከ«ጆንግ» በኋላ፥ ከላይ መስቀል ከታች ሳጥን ያለው ፊደል ቢመጣ፥ ይህ ሁለተኛው ፊደል «አሮጌ፥ ጥንታዊ» ማለት ነው። በቻይና መጻሕፍት ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ በተለይ «መካከለኛውን ዘመን» ይገልጣሉ። በጃፓን ግን «ቹኮ» ተብለው ይነበባሉ፤ ትርጕማቸውም «ሰው የተጠቀመበት፥ ያገለገለ» ማለት ነው። ከጃፓን መኪና፥ ሞተር ወይም የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጣ ሰው «አዲስ ነው» ተብሎ በተሸጠለት ዕቃ ሰነድ ላይ «ቹኮ»ን ካገኘ፥ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ።

6ኛ፤ መመታትና መመረዝ ሲሆን

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ይህ አገባብ ነው። ፊደሉ በወራጅ ድምፅ ሲነበብ «መምታት» እንደሚሆን ከላይ ተናግረናል። ዕጣ የደረሰው ሰው «ጆንግ» ይባልለታል፤ ዕድሉን መታ እንደ ማለት ነው። መርዝ ያገኘውም ሰው በዚሁ ቃል ይነገርለታል። «ዱ» የሚባለው ፊደል «መርዝ» ማለት ነው። በላይ ሦስት አግድም ሠረዞች በአንድ ቁም ሠረዝ ተሰክተውበታል፤ በታች ደግሞ ዘመም ያለ፥ በአግድም ሠረዝ የተከፈለና ሁለት ነጥቦች ያሉበት ሳጥን አለው። «ጆንግ ዱ» «መመረዝ» ማለት ነው። በቻይና በሚሠራ የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ወረቀት ላይ፥ ሰው ቢመረዝ የሚደረገውን የመጀመሪያ ርዳታ የሚናገረው ክፍል የሚጀምረው በዚህ ቃል ነው።

በሁለቱ መካከል «ደንግ» የሚባል ሌላ ፊደል ከገባ ግን ትርጕሙ ይለወጣል፤ «ጆንግ ደንግ ዱ» «መካከለኛ መርዛማነት» ማለት ነው። ቻይናዎች የተባይ ማጥፊያን መርዛማነት በአምስት ደረጃ ይከፍሉታል፤ ይህም ሦስተኛው ነው። «መካከለኛ» ስለ ተባለ ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም፤ ሰውንና ከብትን የሚጎዳ ነው።

የገብስና የባቄላ ገበሬ በሚበዛበት በዳባትና በደባርቅ አገር ባለሱቁ ይህን ሊያውቅ ይገባል። ገበሬው መድኃኒቱን ሲገዛ የሚጠይቀው ሻጩን ነውና። ባለሱቁ «ጆንግ»ን አይቶ «የቻይና ነው» ብቻ ብሎ ቢያልፍ፥ የመርዙን ማስጠንቀቂያ በእጁ ይዞ ሳያነበው ቀረ ማለት ነው። በአዋጅ ቍጥር 674/2002 መሠረት ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መሸጥ ክልክል መሆኑም ይታወቅ። ደግሞም መድኃኒቱን ከጽሕፈቱ ለይቶ በውሃ ጠርሙስ እየቀዱ መቸርቸር፥ ማስጠንቀቂያውን ከገዢው መንጠቅ ነው።

መልመጃ

አንባቢው መልሱን በእጁ ሸፍኖ ራሱን ይፈትን።

1. በአንድ ካርቶን ላይ «ጆንግ» ተጽፎ፥ በአራት ማዕዘን የታጠረው ፊደል ይከተለዋል። ልክ ነው ወይስ አገር? (መልስ፦ የአገር ስም ነው።)

2. በሦስት የጫማ ካርቶኖች ላይ በአንደኛው የተንፈራጠጠው ሰው፥ በሁለተኛው «ጆንግ»፥ በሦስተኛው ጭረት በግራና በቀኝ ያለው ፊደል ይታያል። (መልስ፦ ትልቅ፥ መካከለኛና ትንሽ ልክ ናቸው።)

3. ከጃፓን በመጣ የሞተር ሰነድ ላይ «ጆንግ» ከመስቀልና ከሳጥን ጋር ተጽፏል። (መልስ፦ ያገለገለ ዕቃ ነው።)

4. በስልክ ላይ ከሌሎች ፊደላት በኋላ በመጨረሻ «ጆንግ» ተጽፏል። ዕቃው ደርሷልን? (መልስ፦ «ዩን ሹ ጆንግ» ከሆነ ገና በመንገድ ላይ ነው።)

5. በመድኃኒት ጠርሙስ ላይ «ጆንግ» እና «ዱ» ጎን ለጎን ተጽፈዋል። (መልስ፦ ስለ መመረዝ የተጻፈ ነው፤ ሳይነበብ አይሸጥም።)

ማሳሰቢያ

ነጋዴው እነዚህን ፊደላት በሒሳብ መዝገቡ መጨረሻ ገጽ ላይ በእጁ ይጻፋቸው፤ ትርጕማቸውንም በአማርኛ ከጎናቸው ያስፍር። ያላወቀውን ፊደል ሲያገኝም በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ ከአንድ በላይ የሆኑ ዐዋቂዎችን ይጠይቅ። ቋንቋውን በሰፊው ለመማር የሚሻ ቢኖር ወይም ልጁን ለማስተማር የሚያስብ፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ ይሰጣል።

በመጨረሻ አንድ ቃል እንጨምር። ቻይናዎች በሁለት ነጋዴዎች መካከል ገብቶ የሚያስማማውን ሰው «ጆንግ ጂየን ረን» ይሉታል፤ «የመካከል ሰው» ማለት ነው፤ እኛ ደላላ የምንለው ነው። ደላላ ለንግድ የሚጠቅም ሰው ነው፤ ሩቅ ያለውን ገዢና ሻጭ ያገናኛል። ነገር ግን ካርቶኑንም፥ ውሉንም፥ ማስጠንቀቂያውንም በእርሱ ዓይን ብቻ የሚያይ ነጋዴ፥ ጉድለት በተገኘ ጊዜ ኪሳራውን ብቻውን ይሸከመዋል። አንዱን ፊደል አጥርቶ ያወቀ ሰው ግን ቢያንስ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።